የቦይለር ቴርሞስታት፡ አመራረጡ፣ አገጣጠሙና አጠባበቁ

በመኖሪያ ቤቶች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በጤና ተቋማት፣ በተማሪዎች ማደሪያዎችና በእንግዳ ማረፊያዎች በስፋት አገልግሎት ላይ ከሚውሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አንዱ በተለምዶ ቦይለር እየተባለ የሚጠራው የውኃ ማሞቂያ ነው። የዚህ መሣሪያ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የተሰኘ አነስተኛ ዕቃ ሲሆን፣ ዋጋው ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አመራረጡና አገጣጠሙ ትክክል ካልሆነ የኃይል ብክነትን፣ የእሳት ቃጠሎን፣ የኤሌክትሪክ ንዝረትንና የጋን ፍንዳታን እስከማስከተል ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የቴርሞስታትን አሠራር፣ አመራረጥና የአገጣጠም ቅደም ተከተል ይገልጻል። እንዲሁም ሥራውን የሚያሠሩና የሚረከቡ ኃላፊዎች ሊመለከቷቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

የቴርሞስታት ምንነትና አመጣጥ

ቴርሞስታት የተወሰነ የሙቀት ደረጃ ሲደረስ የኤሌክትሪክን መስመር የሚያቋርጥ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ስያሜው የተገኘው ሙቀትንና ጸንቶ መቆምን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት ነው። ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንድሩ ዩር እ.ኤ.አ. በ1830 በሁለት የተጣበቁ ብረቶች የተለያየ መለጠጥ ላይ ለተመሠረተ የሙቀት መቆጣጠሪያ የፈጠራ መብት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1896 ስዊዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሻርል ኤዱዋር ጊዮም ኢንቫር የተባለውን የብረትና የኒኬል ቅልቅል አገኘ። ኢንቫር በሙቀት የሚለጠጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሊቁ በዚህ ዘርፍ ላደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

በብዙ ቦይለሮች ውስጥ የሚገኘው ባለዘንግ ቴርሞስታት የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ከውጭ የነሐስ ቱቦ፣ ከውስጥ ደግሞ የኢንቫር ዘንግ አለው። ውኃው ሲሞቅ ቱቦው ይለጠጣል፤ ዘንጉ ግን ርዝመቱን እንደጠበቀ ይቆያል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ጥቂት ልዩነት ማብሪያ ማጥፊያውን ይስባል፤ መስመሩም ይቋረጣል። ውኃው የተወሰኑ ዲግሪዎች ሲቀዘቅዝ ቱቦው ተመልሶ ያጥርና መስመሩ ይገናኛል።

ከባለዘንጉ ሌላ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው በፈሳሽ የተሞላ አነስተኛ ቋትና ቀጭን ቱቦ ያለው ነው። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ይገፋል። ሁለተኛው ኤሌክትሮኒክ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከሙቀት ጋር በሚለዋወጥ መለኪያ አማካይነት ይሠራል። የኤሌክትሮኒኩ ዓይነት የበለጠ ትክክለኛ ቢሆንም የኃይል መዋዠቅ በሚበዛበት ሥፍራ ተጎጂነቱ ከፍ ያለ ነው።

አራቱ የጥበቃ እርከኖች

ቴርሞስታት ብቻውን የቦይለርን ደኅንነት አያረጋግጥም። በአግባቡ የተሠራ ቦይለር አራት የጥበቃ እርከኖች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ ሲጓደል ሌላው እንዲተካ ታስቦ የተደራጀ ነው።

የመጀመሪያው እርከን ውኃውን በዕለት ተዕለት አገልግሎት በተወሰነ ሙቀት የሚጠብቀው ቴርሞስታት ነው።

ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ መስመሩን ሳያቋርጥ ቢቀር ኃይሉን የሚቆርጠው የሙቀት ጣሪያ መቁረጫ ነው። ይህ መቁረጫ አንድ ጊዜ ከቆረጠ ራሱን መልሶ አያገናኝም፤ በላዩ ያለው ትንሽ ቁልፍ በእጅ እስኪጫን ይጠብቃል። በብዙ ቴርሞስታቶች ላይ ሁለቱ በአንድ አካል ተዋቅረው ይገኛሉ።

ሦስተኛው በቀዝቃዛ ውኃ መግቢያ ላይ የሚገጠመው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነስቶ 60 ዲግሪ የደረሰ 50 ሊትር ውኃ መጠኑ በ0.8 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቩ በማሞቂያ ሰዓት ጥቂት ውኃ ማንጠባጠቡ በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ብልሽት በመቁጠር ቀዳዳውን በቡሽ ወይም በጨርቅ ይደፍኑታል። ይህ ግን እጅግ አደገኛ ድርጊት ነው።

አራተኛው የመሬት ሽቦ ነው። የማሞቂያው ዘንግ ሽፋን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃው ቢገባ፣ አደገኛውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ይህ ሽቦ ነው። ከመሬት ሽቦው ጋር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ ኤሌክትሪክ መቁረጫ ሲጨመር ጥበቃው ይሟላል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ገላውን የሚታጠብ ሰው ቧንቧው ሲነዝረው አደጋው ደርሷል ማለት ነው።

"ዳይሬክት ማድረግ" የሚያስከትለው አደጋ

ቴርሞስታት ሲበላሽ አንዳንድ ጠጋኞች መለዋወጫ ከመፈለግ ይልቅ ሽቦውን ከቴርሞስታቱ አልፈው በቀጥታ ከማሞቂያው ዘንግ ጋር ያገናኙታል። ይህ አሠራር በተለምዶ ዳይሬክት ማድረግ ይባላል። ቦይለሩ በዕለቱ ስለሚሞቅ ሥራው የተሳካ ይመስላል። በተግባር ግን የመጀመሪያውና ሁለተኛው የጥበቃ እርከኖች በአንድ ጊዜ ተወግደዋል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በክፍት ድስት ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በተዘጋና ግፊት ባለበት የቦይለር ጋን ውስጥ ያለ ውኃ ግን በዚህ ሙቀት አይፈላም፤ ከ100 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ይቀጥላል። የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ በቆሻሻ ወይም በሰው እጅ ከተደፈነ ደግሞ ጋኑ የሚሸከመው ግፊት ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ጋኑ በተሰነጠቀ ቅጽበት ግፊቱ ስለሚወርድ ከውኃው ከፊሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ወደ እንፋሎት የተለወጠ ውኃ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ግድግዳና ጣሪያ የሚያፈርሰው ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ተስማሚ ቴርሞስታት እስኪገኝ ድረስ ቦይለሩን አጥፍቶ መጠበቅ እንጂ በቀጥታ ማገናኘት ለአንድ ቀንም ቢሆን ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ከግዥ በፊት መታየት ያለባቸው ነጥቦች

ቴርሞስታት በመልኩ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ አይገዛም። የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ከአሮጌው ዕቃና ከቦይለሩ መግለጫ ጋር መመሳከር አለባቸው።

1. የአምፔር አቅም፡ በ220 ቮልት የሚሠራ 1,500 ዋት ቦይለር 6.8 አምፔር፣ 2,000 ዋት ቦይለር ደግሞ 9.1 አምፔር ይስባል። በዚህ ረገድ 16 አምፔር የተጻፈበት ቴርሞስታት ለሁለቱም በቂ ነው።

2. የዘንጉ ርዝመት፡ ዘንጉ ከተዘጋጀለት ቱቦ ካጠረ ሙቀቱን በትክክል አይለካም፤ ከረዘመ ደግሞ ወደ ቦታው አይገባም። ከተለመዱት ርዝመቶች አንዱ 270 ሚሊ ሜትር ነው።

3. የሙቀት ጣሪያ መቁረጫ፡ በእጅ የሚመለስ መቁረጫ ያለው መሆኑና ፌዝንና ኒውትራልን በአንድ ላይ የሚቆርጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው በተዘረጉባቸው ሕንፃዎች አንዱን መስመር ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ ቦይለሩን ከኃይል አይለይም።

4. የሙቀት ወሰን፡ ማስተካከያው 60 ዲግሪን የሚያካትት ሊሆን ይገባል።

5. የአምራች መግለጫ፡ የቮልት፣ የአምፔርና የሙቀት መጠን በግልጽ ያልታተመበት ዕቃ መግዛት አይመከርም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሚወጣ የግዥ ሰነድ ውስጥ እነዚህን ነጥቦች በቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ ማስፈር ተገቢ ነው። "ቴርሞስታት፣ ብዛት 10" ተብሎ ብቻ የሚጻፍ ጥያቄ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ዕቃ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ለቦይለሩ የሚስማማውን ለማግኘት አያስችልም።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

ሥራው በሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት በኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭነት የሚሰማሩ ባለሙያዎችና ድርጅቶች የብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። ቀጥሎ የቀረበው ቅደም ተከተል አሠሪው ሥራውን በአግባቡ እንዲከታተል የሚረዳ ነው።

በመጀመሪያ ኃይሉ ከቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን ከዋናው ብሬከር መቋረጥ አለበት። ሌላ ሰው በስህተት እንዳያበራው ብሬከሩ ላይ "ሥራ ላይ ነው" የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። የቦይለሩ ክዳን ከተከፈተ በኋላ በሁለቱም የመግቢያ ብሎኖች ላይ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱ አስቀድሞ ኃይል ባለው ሶኬት መሞከር ይኖርበታል።

በሁለተኛ ደረጃ የሽቦዎቹ አገናኝ ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሳል ወይም ምልክት ይደረግበታል። ባለዘንጉ ቴርሞስታት በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ እሱን ብቻ ለመለወጥ ጋኑን ማፍሰስ አያስፈልግም። የማሞቂያውን ዘንግ የያዘው ክዳን የሚፈታ ከሆነ ግን ውኃው ቀዝቅዞ ሙሉ በሙሉ መፍሰስ አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ አሮጌው ቴርሞስታት ወጥቶ ይመረመራል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ማገናኛ ከተገኘ የብልሽቱ መንስኤ የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል። የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ ንጹሕ ጫፍ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ አዲስ ቴርሞስታት በተቃጠለ ሽቦ ላይ ቢገጠም ብዙም አይቆይም።

በአራተኛ ደረጃ የማሞቂያው ዘንግ በኦም መለኪያ ይፈተሻል። በ220 ቮልት ለሚሠራ የ1,500 ዋት ዘንግ ንባቡ 32 ኦም ገደማ፣ ለ2,000 ዋት ደግሞ 24 ኦም ገደማ ይሆናል። በዘንጉና በጋኑ አካል መካከል ያለው የሽፋን ተቃውሞ በ500 ቮልት ሜገር ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ዘንጉ መለወጥ አለበት።

በአምስተኛ ደረጃ አዲሱ ቴርሞስታት በቱቦው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይገባል። ባለቋት ዓይነት ከሆነ ቋቱ ሙሉ በሙሉ መግባቱና ቀጭኑ ቱቦ አለመታጠፉ ይታያል። ፌዝና ኒውትራል በአምራቹ ሥዕል መሠረት ይገናኛሉ። የመሬት ሽቦው የሚታሰረው በቴርሞስታቱ ላይ ሳይሆን በጋኑ የብረት አካል ላይ በተዘጋጀለት ብሎን ነው። ብሎኖቹ ሁሉ በሚገባ ይጠብቃሉ፤ ሽቦዎቹም በእጅ ተስበው ይሞከራሉ።

በስድስተኛ ደረጃ ኃይል ከመለቀቁ በፊት ጋኑ በውኃ መሞላቱ ይረጋገጣል። ለዚህም የሙቅ ውኃ ቧንቧ ተከፍቶ አየሩ እስኪያልቅና ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠበቃል። የውኃ ሥርጭት በፈረቃ በሚዳረስባቸው አካባቢዎች ይህ እርምጃ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ውኃ በሌለበት ጋን ውስጥ የበራ ማሞቂያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

በመጨረሻም ክዳኑ ይገጠምና ኃይል ይለቀቃል። ቦይለሩ የሚመገብበት መስመር ለብቻው የተዘረጋ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ያለው ሊሆን ይገባል። የግድግዳ ሶኬት ከቦይለሩ ጋር የሚጋራ መስመር፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰካበት ከሆነ፣ ከመጠን በላይ ይጫናል።

ሙቀቱ በስንት ዲግሪ ይሁን?

የቴርሞስታት ማስተካከያን እስከ መጨረሻው መክፈት ውኃውን ቶሎ አያሞቀውም። የማሞቂያው ዘንግ አቅም አንድ በመሆኑ ውኃው ወደ 60 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ዘንጉ የሚቆምበት ደረጃ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ሙቀቱን ከመጠን በላይ ዝቅ ማድረግም ጉዳት አለው። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ይራባል። ባክቴሪያው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በተካሄደ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ የሳንባ በሽታ ወረርሽኝ ከተከሰተ በኋላ ነው። በሽታው ባክቴሪያውን የያዘ የውኃ ብናኝ በመተንፈስ ይተላለፋል፤ የሻወር ውኃም ይህን ብናኝ ይፈጥራል። አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሕሙማን ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። በዚህ ምክንያት በጋን ውስጥ የሚከማች ውኃ በ60 ዲግሪ እንዲቆይ ይመከራል።

ይሁንና 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቆዳን ይልጣል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን በሚገለገሉባቸው ሥፍራዎች ከጋኑ የሚወጣውን ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር አመጣጥኖ የሚለቅ ማደባለቂያ ቫልቭ ቢገጠም ሁለቱንም አደጋዎች መከላከል ይቻላል።

የኃይል ፍጆታ

50 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። 1,500 ዋት አቅም ያለው ቦይለር ይህን በአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያከናውናል። ለ80 ሊትር ጋን የሚያስፈልገው ኃይል 3.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ጊዜው ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጠጋል።

ማስተካከያው 75 ዲግሪ ላይ ቢደረግ ለ50 ሊትሩ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ከፍ ይላል። ይበልጥ የሞቀ ውኃ ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ ለብዙ ሰው ስለሚዳረስ ጭማሪው ሁሉ ብክነት አይደለም። ብክነቱ የሚከሰተው ውኃው ሳይፈለግ ሲቆይ ነው። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ከሆነ፣ በ75 ዲግሪ የሚቆይ ጋን በ60 ዲግሪ ከሚቆየው ይልቅ በየሰዓቱ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ተጨማሪ ሙቀት በግድግዳው በኩል ያጣል። በቢሮዎች ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሌት ተቀን የሚበራ ቦይለር የሚያባክነው ኃይል በዚህ ዓይነት የሚጠራቀም ነው። ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ማጥፊያ በመግጠም ወይም የማብራትና የማጥፋት ኃላፊነትን ለአንድ ሠራተኛ በመስጠት ብክነቱን መቀነስ ይቻላል።

የብልሽት ምልክቶች

ውኃው ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ በቅድሚያ ብሬከሩና የሙቀት ጣሪያ መቁረጫው ይታያሉ። መቁረጫው ቆርጦ ከተገኘ ምክንያቱ ተጣርቶ አንድ ጊዜ ብቻ መመለስ አለበት። በድጋሚ ከቆረጠ ቴርሞስታቱ መስመሩን ማቋረጥ ተስኖታል ማለት ስለሚሆን ይለወጣል፤ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን መፍትሔ አይሆንም።

ከሙቅ ውኃ ቧንቧ እንፋሎት የሚወጣ፣ ከጋኑ የመፍላት ድምፅ የሚሰማ ወይም የግፊት መልቀቂያው ሳያቋርጥ ሙቅ ውኃ የሚያፈስ ከሆነ ኃይሉ ወዲያውኑ ከዋናው ብሬከር መቋረጥ ይኖርበታል። ውኃው እስኪቀዝቅዝ ድረስም ክፍሉን ለቆ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ውኃው ለብ ከማለት የማያልፍ ከሆነ ደግሞ መንስኤው በማሞቂያው ዘንግ ላይ የተጋገረ የኖራ ክምችት ወይም የተዛባ ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። ውኃቸው ማዕድን በሚበዛበት አካባቢዎች ጋኑን በየጊዜው ከፍቶ ማጽዳትና ከዝገት የሚከላከለውን የማግኒዚየም ዘንግ መመርመር ያስፈልጋል።

በርክክብ ወቅት የሚረጋገጡ ጉዳዮች

የጥገና ሥራን የሚረከብ ኃላፊ ውኃው መሞቁን ብቻ አይቶ መፈረም የለበትም፤ ዳይሬክት የተደረገ ቦይለርም ውኃ ያሞቃል። ከፊርማ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል።

- ቦይለሩ ያለማቋረጥ ሲሞቅ ቆይቶ የማመልከቻ መብራቱ በራሱ መጥፋቱ፤
- በዚያ ሰዓት ከቧንቧው የተቀዳው ውኃ በቴርሞሜትር ሲለካ ከተስተካከለበት ደረጃ ጋር መቀራረቡ፤
- የግፊት መልቀቂያው ማንሻ ሲነሳ ውኃ መልቀቁና ማፍሰሻ ቱቦው ክፍት መሆኑ፤
- የፍሳሽ ኤሌክትሪክ መቁረጫው የሙከራ ቁልፉ ሲጫን መቁረጡ፤
- የመሬት ሽቦው ከጋኑ እስከ ሕንፃው የመሬት ዘንግ ድረስ ሳይቋረጥ መገናኘቱ በመለኪያ መረጋገጡ፤
- አሮጌው ቴርሞስታት ለንብረት ክፍል መመለሱ።

የመጨረሻው ነጥብ አሮጌው ዕቃ በእርግጥ መለወጡን ያሳያል። የተለወጠበት ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና የባለሙያው ስም በቦይለሩ የጥገና ካርድ ላይ ቢሰፍር ደግሞ ቀጣዩ ጥገና በግምት ሳይሆን በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ይከናወናል።

እነዚህን ምርመራዎች ለማካሄድ የሚያስፈልገው ጊዜ ቦይለሩ ሞቆ በራሱ እስኪያቋርጥ ካለው ጊዜ ብዙም አይበልጥም። መብራቱ በራሱ ሳይጠፋ የቀረ ቦይለር ግን ጥገናው ስላልተጠናቀቀ ከዋናው ብሬከር ተቋርጦ ለባለሙያው መመለስ ይኖርበታል።